የካንሰር ታካሚ አዋቂዎች የምግብ ክብካቤ በሐዋሳ

የካንሰር ታካሚ የምግብ ክብካቤ ታካሚው በሕክምናው ዘመን ክብደቱንና ጡንቻውን ይዞ እንዲቆይ የሚደረግ ክትትል ነው። ምግብ ካንሰርን አያድንም። ሰውነቱ የከሳ ታካሚ ግን ኬሞው (ካንሰሩን የሚያጠቃው የመድኃኒት ሕክምና) ይከብደዋል፣ መጠኑ ይቀነስበታል ወይም ቀጠሮው ይገፋበታል፣ የቀዶ ሕክምና ቁስሉም ቶሎ አይጠግግለትም። ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ሕዝቡ በለመደው አጠራር «ሪፈራል»፣ ታካሚዎች ከሲዳማም ከአጎራባች የኦሮሚያና የደቡብ አካባቢዎችም ይመጣሉ። የአካባቢው ገበታ ቆጮ፣ ቡላ፣ በቆሎና የሐይቁ ዓሣ የሚገናኙበት ነው፤ ምክሩም ከዚሁ ገበታ መነሣት አለበት።

ሥራው የሚጀምረው ከሚዛን ነው። ሁለት ጥያቄ መንገዱን ይከፍታል፦ ሳያስቡት ክብደት ቀንሰዋል? የምግብ ፍላጎትዎ ቀንሶ የሚበሉት አንሷል? የቀነሰው ኪሎ በመቶኛ ይሰላል። 60 ኪሎ የነበረች ሴት አሁን 55 ከሆነች 8 በመቶ ገደማ አጥታለች። በ6 ወር ውስጥ ከ5 በመቶ በላይ ሳያስቡት መቀነስ የምግብ ባለሙያ ሊያየው የሚገባ ምልክት ነው። የቀድሞ ኪሎውን የማያውቅ ሰው ብዙ ስለሆነ ቀሚሱ ምን ያህል ሰፋ፣ ቀበቶው ስንት ቀዳዳ ገባ ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። ሚዛን ግን ያታልላል። ሆድ ውኃ ሲቋጥር ወይም እግር ሲያብጥ ኪሎው ባለበት ይቆማል፣ ከሥሩ ጡንቻው እየሟሸሸ ነው። ስለዚህ ትከሻ፣ ክንድና ጭን በእጅ ይዳሰሳሉ። ምዘናው የአንድ ቀን ሥራ አይደለም፤ በየኬሞው ዙር ይደገማል።

ቤተሰብ ብዙ ጊዜ «አልበላ ብሎ ነው የከሳው» ይላል። እውነቱ ግማሽ ነው። ካንሰሩ በመላው ሰውነት የሚያስነሣው ቁጣ (ኢንፍላሜሽን) የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ጡንቻንም ያፈርሳል። ካኬክሲያ የሚባለው ይህ ነው፣ በመብላት ብቻም አይመለስም። ለዚህ ነው ፕሮቲንና የአካል እንቅስቃሴ አብረው የሚታዘዙት፤ አቅሙ የሚችል ታካሚ በየቀኑ ቢራመድ፣ ከወንበር መነሣትና መቀመጥን ቢለማመድ የበላው ወደ ጡንቻ የመሄድ ዕድሉ ይሰፋል።

መጠኑን በተመለከተ የአውሮፓ የክሊኒካል ኒውትሪሽንና ሜታቦሊዝም ማኅበር (ኤስፔን) መመሪያ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ25 እስከ 30 ካሎሪ፣ ፕሮቲን ደግሞ ከ1 ግራም በላይ፣ ከተቻለ እስከ 1.5 ግራም ይላል። ለ50 ኪሎ ሰው ከ1,250 እስከ 1,500 ካሎሪና ከ50 እስከ 75 ግራም ፕሮቲን ማለት ነው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይወስናል።

የሐዋሳ ገበታ ጉድለት እዚህ ላይ ይታያል። ቆጮና የቡላ ገንፎ ጉልበት ይሰጣሉ፣ ለመዋጥም ይመቻሉ፤ ፕሮቲናቸው ግን ከ100 ግራም 1 ግራም ገደማ ቢሆን ነው። ታካሚ ቡላ በቅቤ እየበላ ጠግቦ ጡንቻውን ሊያጣ ይችላል። መረቅም እንዲሁ ነው፦ ሥጋው ወይም ዓሣው ለሌላ ተሰጥቶ ለታማሚው ውኃው ብቻ ይቀርባል፣ ፕሮቲኑ ግን የቀረው ሥጋው ውስጥ ነው። ዓሣው በሾርባው ውስጥ ተፈጭቶ ይሰጠው። 2 እንቁላል 12 ግራም፣ 1 ብርጭቆ ወተት 8፣ 150 ግራም የቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣ ሥጋ 30፣ 1 ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ፕሮቲን ይሰጣሉ፤ ድምሩ 68 ይሆናል። በአጥሚት ላይ የሚጨመር 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያክላል። አቮካዶም ሲዳማ ውስጥ እንደ ልብ ስለሚገኝ ከማር ጋር ተፈጭቶ ጥሩ መክሰስ ነው። ሦስት ትልልቅ ገበታ ከማቅረብ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ማቅረብ ይሻላል።

አፉ ለቆሰለ ሰው በርበሬና ሎሚ ይቀሩና አልጫ፣ እርጎና ለብ ያለ ገንፎ ይቅረብለት፤ በ1 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ በቀን ብዙ ጊዜ ይጉመጥመጥ። ማቅለሽለሽ ሲኖር የሽንኩርት ቁሌት ሽታ ከታካሚው ክፍል ይራቅ፤ ቀዝቃዛ ምግብ ሽታው ይቀንሳል።

መዋጥ ያቃተው ሰው ጉዳይ በተለይ ያሳስባል፤ የምግብ ቧንቧ (የጉሮሮ) ካንሰር በአርሲና በባሌ አካባቢ በብዛት ይታያልና። ታካሚው በደረቅ እንጀራ ጀምሮ ወደ ገንፎ፣ ከዚያ ወደ ፈሳሽ ብቻ ሲወርድ እያየን መጠበቅ የለብንም። ከአንድ ሳምንት በላይ ምንም ካልበላ፣ ወይም ለአንድና ሁለት ሳምንት ከሚያስፈልገው 60 በመቶ በታች ከበላ፣ በአፍንጫ ወይም በሆድ በሚገባ ቱቦ መመገብ ይታሰባል። ምግቡ በጭማቂ መፍጫ ልሞ በወንፊት ይጠለላል፤ ካልተጠለለ ቱቦው ይደፈናል። ከምግቡ በፊትና በኋላ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ንጹሕ ውኃ ይለቀቅበታል። ታካሚው ጀርባው ቀና ብሎ ይመገባል፣ ጨርሶም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አይተኛም፤ ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና።

ለብዙ ቀን የተራበን ሰው በአንዴ ማጥገብ አደገኛ ነው። በደም ውስጥ ያሉት ፎስፌትና ፖታሲየም የተባሉ ማዕድናት በድንገት ወርደው ልብን ሊያውኩ ይችላሉ። ከ5 ቀን በላይ ያልበላ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከሚያስፈልገው ግማሽ በላይ አይሰጠውም፤ ቪታሚን ቢ1 ቀድሞ ይሰጠዋል፣ ደሙም ይመረመራል።

«ስኳር ካንሰሩን ያበላዋል» ብሎ ታማሚን ከእንጀራና ከፍራፍሬ መከልከል ያከሳል እንጂ ካንሰሩን አያስርብም። ከዕለት ፍላጎት በላይ የሆነ የቪታሚን ኪኒን፣ የሽፈራው ዱቄትና ሌላ ቅጠላ ቅጠልም ለሐኪም ሳይነገር አይጀመር። በኬሞ ወቅት በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል የሚወደደው ጥሬ ዓሣ፣ ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ይቅሩ። በደንብ የታጠበ ፍራፍሬና አትክልት ግን አይከለከልም። ጾም ላይ የታመመ ሰው በቤተ ክርስቲያንም በእስልምናም ይቅርታ አለው፤ አማኙ እንዲረጋጋ ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼሁ ጋር ቀድሞ ቢነጋገር መልካም ነው። ካልጾምኩ የሚል ክርስቲያን ግን በምስር፣ በአኩሪ አተርና በለውዝ ቅቤ መጠኑን ሊያሟላ ይችላል፣ ከንጋት አንሥቶ ከበላ።

ሁሉም ታካሚ መወፈር አያስፈልገውም። በጡት ካንሰር ሕክምና ክብደት የሚጨምሩ ሴቶች አሉ፤ ለእነሱ ቅቤ መጨመር ስሕተት ነው።

በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ዓላማው ይለወጣል። ያኔ ሰውነት ምግብን መጠቀም ያቅተዋል፣ ረሃብም ብዙ አይሰማውም። «በሞቴ» እያሉ በጉርሻ ማስጨነቅ ያስታውከዋል፣ ትን ሊለውም ይችላል። ከንፈሩን በውኃ ማርጠብ፣ አፉን ማጽዳት፣ ያማረውን ነገር በጥቂቱ ማቅመስና እጁን ይዞ አጠገቡ መቀመጥ በዚያ ሰዓት የሚገባው ክብካቤ ነው።