የድሬዳዋ ልብስ ቤቶችና የስልክ ገበያ

ድሬዳዋ የልብስ ከተማ የሆነችው በባቡር ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች፤ በባሕር የመጣ ጨርቅም ወደ መሀል አገር በእርሷ በኩል ማለፍ ጀመረ። ድሬ ደርሶ የሚመለስ የአዲስ አበባ ሰው ሻንጣው እንደሚያብጥ፣ አዋሽ ኬላ ላይም የጉምሩክ ፍተሻን ፈርቶ ሦስት ሱሪ እንደሚደርብ ያልሰማ የለም። ስለዚህ ዛሬ የቀፊራና የታይዋን ገበያዎች ነጋዴ ደንበኛው በስልክ እንደተወሰደበት ሲያማርር ነገሩ ብድር መመለስ ይመስላል። ድሬዳዋም በዘመኗ የሌላውን ከተማ ገዢ ስትወስድ ኖራለች።

የስልክ ገበያ ሲባል መጋዘን ያለው ትልቅ ድርጅት ማለት አይደለም። በአብዛኛው የቴሌግራም ቻናል ወይም የቲክቶክ ቪዲዮ ነው፤ የቀሚሱ ፎቶ፣ ያለው ልክና የሻጩ ስልክ ይለጠፋል፣ ዋጋው ግን «በውስጥ መስመር» ነው። ድርድር ስክሪን ላይ ወጥቶም አልሞተም። ቀብዱ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቴሌብር ወይም በባንክ ይላካል፣ ዕቃው ከመርካቶ በአውቶቡስ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ይመጣል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም ኔትወርኩን ለሙከራ መጀመሪያ የከፈተው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. እዚሁ ድሬዳዋ ነው።

ሱቁ የተጎዳው ከሁሉ በፊት በዋጋ ነው። ቀድሞ ነጋዴው የመጀመሪያውን ዋጋ ሰማይ ሰቅሎ ይጠራና ቀስ በቀስ ያወርድ ነበር፤ አሁን ገዢዋ የመርካቶን ዋጋ በስልኳ ይዛ ትገባለች። ሁለተኛው ኪራይ ነው። ሳሎኗ ውስጥ ሆና የምትሸጥ ሴት የሱቅ ኪራይ አትከፍልም። ሦስተኛው የድሬዳዋ ጠባይ ነው፦ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ብዙ ሱቆች ይዘጋሉ፣ ቻናሉ ግን በበርጫ፣ ማለትም ጫት በሚቃምበት ሰዓትም ክፍት ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በስልክ ማላከክ ግን ትክክል አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ በሚገባ ልብስ የሚተዳደር ቡቲክ ያለ ቴሌግራምም ቢሆን ይጨነቅ ነበር።

የስልክ ገበያውም ደካማ ጎን አለው። አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ግብይት ሕጋዊ መሠረት ጥሏል፤ ያም ሆኖ ገዢዋ የጠበባትን ቀሚስ አድራሻውን ለማታውቀው ሻጭ መመለስ ከባድ ነው። በእርግጥ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ጽሑፍ ግድግዳቸው ላይ የሰቀሉት ሱቆች ናቸው፤ ሆኖም እነርሱ ዘንድ ቢያንስ ለክቶ መግዛት ይቻላል። ብዙዎቹም የራሳቸውን ቻናል ከፍተው ሱቁን መለኪያ ክፍልና ዕቃ መረከቢያ አድርገውታል።

ሐረር ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ከፈረስ መጋላ አደባባይ በሚነሣው መኪና ግርግር፣ ስሙን ከስፌት መኪና ድምፅ ባገኘው ጠባብ መንገድ፣ ልብስ ሰፊዎች ደጅ ላይ ተቀምጠው ይሰፋሉ። ገዢዋ ጨርቁን ከጎን ካለው ሱቅ ትመርጣለች፤ ለልብስ ሰፊው የምታሳየው ሞዴል ግን ስልኳ ላይ ያለ ፎቶ ነው። የሩቁ ሻጭ ማስታወቂያ እዚህ ንድፍ ይሆናል፣ ሜትሩ ወገቧ ላይ ይዞራል፣ የስፌት መኪናውም መንጎዱን ይቀጥላል።