ከአዳማ አፈር ሥር፦ የአሮጌ ብረት ፍለጋና ጥገና

አዳማ ውስጥ «ዲቴክተር» ቢባል ሰው ቶሎ የሚመጣለት የሆቴልና የባንክ በር ላይ ያለው ጥቁር ዱላ ነው። ጥበቃው ከትከሻ እስከ እግር ያዞረዋል፣ ኪስ ውስጥ ያለ ቁልፍ ላይ ሲደርስ ይጮኻል፣ ከዚያ «ግቡ» ይባላል። አፈር ላይ የሚዞረው ዲቴክተር የዚሁ ዘመድ ነው። በውጭ አገር ሰዎች በእረፍት ቀናቸው ማሳና ባሕር ዳርቻ ላይ እያዞሩ አሮጌ ሳንቲም፣ ጌጥና ጥይት ይፈልጉበታል። እኛ ዘንድ ይህ ልማድ የለም ማለት ይቻላል። አሮጌ ብረት ከአዳማ መሬት የሚወጣው ባብዛኛው ሳይፈለግ ነው፤ የቤት መሠረት ሲቆፈር፣ ቱቦ ሲቀበር፣ የዛፍ ጉቶ ሲነቀል። የሚበላሸው ደግሞ መሬት ውስጥ ሳለ ሳይሆን ከወጣ በኋላ፣ በኛው እጅ ነው። ስለዚህ ከመሣሪያው ይልቅ ከወጣ በኋላ ባለው አያያዝ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

መሣሪያው

ዲቴክተር ጫፉ ላይ ክብ የሽቦ ጥቅል አለው። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ዙሪያውን ማግኔታዊ መስክ ይፈጥራል። ይህ መስክ የተቀበረ ብረት ሲያገኝ በብረቱ ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰት ያስነሳል፤ ፍሰቱም የራሱን መስክ መልሶ ይልካል። መሣሪያው ያንን መልስ ሲሰማ ይጮኻል። ሌላ ተአምር የለበትም።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት ሲመቱ፣ የስልኩ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ሰውነታቸው ውስጥ የቀረችውን ጥይት በእንዲህ ያለ መሣሪያ ሊፈልግ ሞክሮ ነበር። አልተሳካለትም። የተኙበት አልጋ የብረት ሽቦ ነበረው፤ ሐኪሙም ቀኝ ጎናቸውን ብቻ አስፈተሸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ዮዜፍ ኮሳትስኪ የተባለ ፖላንዳዊ መኮንን ለፈንጂ ማምከኛ የሚሆን በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ሠራ። በ1942 (እ.ኤ.አ.) በኤል አላሜይን በረሃ ጥቅም ላይ ዋለ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልበል። «ወርቅ በአሥር ሜትር ጥልቀት ያሳያል» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት። ተራ ዲቴክተር ነጠላ ሳንቲም የሚያገኘው ሃያ ሴንቲ ሜትር አካባቢ ድረስ ነው። ወርቅ ብቻ ለይቶ የሚጠቁም መሣሪያም የለም። «ጣሊያን ቀብሮት የሄደ ወርቅ» የሚለው ወሬ ግን በየከተማው አለ፤ አዳማም አልቀረላትም። በዚህ ወሬ ብዙ ሰው ገንዘቡን ተበልቷል፤ ወርቁን ያየ ግን አልገጠመኝም።

የአዳማ አፈር ደግሞ ለዲቴክተር አይመችም። ከተማዋ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። የጂኦሎጂ ሰዎች ዋናውን የመሬት ስንጥቅ መስመር ስሙን ያወጡለት በጎረቤቷ በወንጂ ነው። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ብረት አዘል ማዕድን ስላለው መሣሪያው ድንጋዩንም ብረት እየመሰለው ይጮኻል። ለዚህ አስቀድሞ ከአፈሩ ጋር ማስተካከል ያስፈልጋል። በሌላ በኩል በዚህ ሸለቆ የሰው ልጅ ትቶት የሄደው እጅግ ጥንታዊው ዕቃ ብረት አይደለም፤ ድንጋይ ነው። ዝዋይ አጠገብ ገደሞታ የተገኙት የባልጩት መሣሪያዎች ከ270,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። ዲቴክተሩ ያንን ረግጦት ያልፋል፣ ድምፁም አይሰማም።

ምን ይወጣል?

አዳማን ከተማ ያደረጋት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አዳማ በመንገዱ ላይ ያለች ጣቢያ ነበረች። ስለዚህ በአሮጌው መስመር አካባቢ የሐዲድ ብሎን፣ ችንካርና ቁርጥራጭ ብረት ቢወጣ አይገርምም። ከዚያ የጣሊያን ዘመን አለ። በመጋቢት 1933 መጨረሻም የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባ የገባው በዚሁ በአዋሽ አቅጣጫ ነው። ከእንዲህ ያለ ዘመን በብዛት የሚቀረው ቀለሃ ነው። ቀለሃ ሲገኝ ከሥሩ ማየት ነው፤ ጣሊያኖቹ የፋብሪካውን ምልክትና ዓመቱን እዚያ ላይ ይመቱ ነበር። ወፍራም ቀለሃ ከሆነ ከቆየው የውጅግራ ጠመንጃ ሊሆን ይችላል፤ ቀጭኑ የ6.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ የጣሊያን ነው።

የሁሉም ልብ የሚመታው ግን ለጠገራ ብር ነው። የእቴጌ ማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ይህ የኦስትሪያ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው። ሁሉም ላይ 1780 ተጽፎበታል። ቀኑ ግን አይታመንም። እቴጌይቱ በዚያ ዓመት ከሞቱ በኋላም ሳንቲሙ በዚያው ቀን መታተሙን ቀጠለ። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲዘጋጅ በ1935 (እ.ኤ.አ.) ሮም ውስጥ አስመትቷል፤ እንግሊዞችም ለንደንና ቦምቤይ ላይ አስመትተዋል። ከአያታችሁ ሳጥን የወጣው «የ1780 ብር» ከአያታችሁ ሊያንስ ይችላል ማለት ነው። ትክክለኛው ጠገራ ጠርዙ ላይ ዙሪያውን የላቲን ጽሑፍ አለው። የድሮ ነጋዴም ዝም ብሎ አይቀበልም ነበር፤ እቴጌይቱ ልብስ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቁ በዕንቁ ይቆጥር ነበር።

የኛም ሳንቲሞች ተንኮል አላቸው። 1936 የሚል ዓመተ ምሕረት ያለባቸው የኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች በዚያው ቀን ለብዙ ዓመታት ተመትተዋል። ሃያ አምስት ሳንቲሙ መጀመሪያ ክብ ነበር። ብልጥ ሰው ብር እየቀባ እንደ ሃምሳ ሳንቲም ሲያሳልፈው ጊዜ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ተደርጎ እንደገና ወጣ። ክቡን ያገኘ ሰው ጥሩ ነገር አግኝቷል።

ቆራሌውና አንጥረኛው

ብዙ ነገር ግን እዚህ ዝርዝር ውስጥ ሳይገባ ይጠፋል። ጠዋት ሰፈር ውስጥ «ቆራሌው!» የሚለው ጥሪ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው የመጣ ነው ይባላል። ቆራሌው ነሐስ በኪሎ ነው የሚገዛው። ቀለሃው፣ የጣሊያን ዘመን መብራት እግር፣ የተሰበረ ማንጠልጠያ፣ ሁሉም ሚዛን ላይ እኩል ነው፤ ከዚያ ማቅለጫ ይገባል። ጠገራም አንጥረኛ ጋ ሄዶ ቀልጧል፤ ብዙ የድሮ የአንገት መስቀልና አምባር የተሠራው ከጠገራ ነው። ይህን ጥፋት ለማለት ይከብደኛል። ብሩ ሌላ ሕይወት አገኘ እንጂ አልጠፋም።

ጽዳት፣ ማለትም ማበላሸት

አክስቴ ከእናቷ የወረሰችው አንድ ጠገራ ነበራት። የልጇ ሠርግ ሲደርስ እንዲያበራላት ብላ በአመድና በሎሚ ፈተገችው። እውነትም አበራ። የእቴጌይቱ አፍንጫ ግን የለም፣ ጠርዙ ላይ ያለው ጽሑፍም በጣት እንጂ በዓይን አይነበብም። አመድ ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ ብሩን ሞረደው። ሳንቲም ሰብሳቢ እንዲህ የተፈተገ ሳንቲም ሲያይ ዋጋውን ወዲያው ይቀንሳል።

መጀመሪያ የሚደረገው ምንም አለማድረግ ነው። አፈሩ በለስላሳ ብሩሽና በዲስቲልድ ውኃ ይለቀቃል። ዲስቲልድ ውኃ የመኪና ባትሪ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ይገኛል፤ ከባትሪ አሲድ ጋር እንዳይምታታ እንጂ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪንና ጨው ስላለው አይመከርም። ብር ላይ የሚታየው ጥቁረት በሰልፈር የመጣ ነው፤ ብረቱን አይበላውም፣ ቢተው ይሻላል። መዳብና ነሐስ ላይ ያለው ጠንካራና ለስላሳ አረንጓዴም ልብሱ ነው፤ ታች ያለውን ፊደል የያዘው እሱ ነው።

የሚያስፈራው ሌላ አረንጓዴ አለ። ፈዛዛ፣ ዱቄት የሚመስል፣ ሲነካ የሚረግፍ። የጥገና ሰዎች «የነሐስ በሽታ» ይሉታል። አፈር ውስጥ ያለ ክሎራይድ መዳቡ ውስጥ ገብቶ፣ እርጥበት ባገኘ ቁጥር ሳያቋርጥ ይቦረቡረዋል። እንዲህ ያለውን ከሌሎቹ መለየት፣ የአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን ሲሊካ ጄል ጨምሮ በታሸገ ዕቃ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ባለሙያ መፈለግ ነው።

ብረት ከነሐስ የበለጠ ችግረኛ ነው። መሬት ውስጥ ደህና የነበረ ቢላዋ ጠረጴዛ ላይ ከደረቀ በኋላ እንደ ቅርፊት ሊላጥ ይችላል። ለዚህ ኤሌክትሮሊሲስ፣ ማለትም ዝገትን በኤሌክትሪክ ማስለቀቅ፣ ይሠራል። በልብስ ሶዳ ውኃ ውስጥ ዕቃው ከባትሪ ቻርጀር አሉታዊ ጫፍ ጋር፣ ተራ ብረት ደግሞ ከአዎንታዊው ጋር ይያያዛል። ዝገቱ ቀስ እያለ ይለቃል። አዎንታዊው ጫፍ ላይ የማይዝግ ብረት ማድረግ ክልክል ነው፤ መርዛማ ክሮሚየም ያወጣል። የሚወጣው ጋዝም ሃይድሮጂን ስለሆነ በር ተከፍቶ፣ እሳት ርቆ ነው። በመጨረሻ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ታኒን ይቀባል፣ ከላይ ሰም። እምብርቱ ድረስ የዛገ ዕቃ ግን በዚህ መንገድ ይፈርሳል፤ መጀመሪያ ማግኔት አስጠግቶ ውስጡ ብረት መቅረቱን ማየት ይሻላል።

ሕጉ

በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ፍለጋ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አይደረግም። በዲቴክተር ሜዳ ለሜዳ መዞር ማለት እንግዲህ ከዚህ ጋር መጋጨት ነው። በድንገት ለተገኘ ነገር ግን አዋጁ ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። ለመሠረት፣ ለመንገድ ወይም ለሌላ ሥራ ሲቆፈር ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅና እስኪረከቡት ድረስ ባለበት ሁኔታ መጠበቅ አለበት። ባለሥልጣኑ በ6 ወር ውስጥ ምንም ካላደረገ አግኚው ለክልሉ ባለሥልጣን በጽሑፍ አሳውቆ ከኃላፊነቱ ሊወጣ ይችላል። ለሚያስረክብም ተገቢ ሽልማትና ያወጣው ወጪ ይሰጠዋል። ይህን የሚያውቅ ቆፋሪ ብዙ አይመስለኝም።

ከማንሳት በፊት በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ ከመሬቱ ገጽ ምን ያህል ጠልቆ እንደተገኘ መጻፍ፣ ከአጠገቡ ምን እንደነበረ መመዝገብ። ከሦስት ሳንቲም ጋር አብሮ የወጣ ማሰሮ ከብቻው ከወጣ ማሰሮ የበለጠ ይናገራል። ማሰሮው ተጥሎ ሳንቲሙ ብቻ ከቀረ ግማሹ ወሬ አብሮ ተጥሏል።

ጭራ ያለው፣ ሾጣጣ ወይም ያልተተኮሰ ጥይት የሚመስል ነገር ከወጣ ጉዳዩ የቅርስ ሳይሆን የፖሊስ ነው። ሰማንያ ዓመት የዛገ ፈንጂ ዛሬም ሊፈነዳ ይችላል። ጉድጓዱ ላይ ምልክት አድርጎ፣ ልጆቹን አርቆ፣ መደወል።