«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ምርጫ ሲደርስ ይቺ አባባል ታክሲ ውስጥም ቡና ላይም አትጠፋም። አራት ኪሎ እናቴ ቤት ቡና እየተፈላ ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ደወለችና ስፒከር ላይ አድርገናት ስለነሱ ምርጫ እያወራን ነበር፣ ሁለቱም ትልልቅ ፓርቲዎች አልጣሟትም፣ ሦስተኛ ተወዳዳሪ አለ እሱን ልምረጥ ወይስ ድምፄ ባክኖ ይቀራል ትላለች። እማዬ ጀበናውን እንደያዘች «ልጄ፣ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» አለቻት። እኔ ግን እስካሁን አልወጣልኝም።

ትርጉሙ ግልፅ ነው፣ የለመድከው ክፉ በየት በኩል እንደሚመጣብህ ታውቃለህ ትጠነቀቃለህ፣ አዲሱን ግን መልአክ ነው ቢሉህም አላየኸውም። ለትዳርም ለሥራም ይባላል፣ ለቤት አከራይማ አይጠየቅም።

ቃሎቹን ብናይ መልአክ የግዕዝ ነው፣ ‹ለአከ› ማለት ላከ ነው፣ መልአክ መልክተኛ። መምረጥም እኮ ሰው መላክ ነው። መነሻውን ሳስበው ለኔ የገባር ዘመን ሽታ አለው። ሹም ሲሻርና ሲተካ ገበሬውን ማንም አይጠይቀውም፣ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር ደግሞ አዲስ ሹም ማለት ገና ያልጠገበ ሹም ነው፣ አሮጌው ቢያንስ በልቷል። ስለዚህ አባባሉ መምረጥ የማይችል ሰው መፅናኛ ይመስለኛል። ካርድ የያዘ ሰው እንዳለ ሲወርሰው ነው የሚከፋኝ።

የእማዬ ፍርሃት ግን ባዶ አይደለም። እንደ ፈረንጆች በ2000 በአሜሪካ ፕሬዝዳንታዊ ምርጫ ሁሉን የወሰነችው ፍሎሪዳ ነበረች፣ እዛ ላይ ቡሽ ጎርን የበለጠው በ537 ድምፅ ብቻ ነው፣ ሦስተኛ ሆኖ የገባው ራልፍ ናደር እዛው ስቴት ከ97 ሺህ በላይ አግኝቷል፣ ከነዛ ውስጥ ትንሽ እንኳን ወደ ጎር ቢሄድ ፕሬዝዳንቱ ሌላ ሰው ነበር። በ2002 ፈረንሳይም 16 ተወዳዳሪ ቀርቦ የግራው ድምፅ ተበታተነና የግራው ዦስፓን በመጀመሪያው ዙር በትንሽ ልዩነት ከጽንፈኛው ቀኝ ለፐን በታች ሆኖ ወደቀ፣ ከዛ በሁለተኛው ዙር ግራዎቹ ለፐን እንዳይገባ ብለው የማይወዱትን የቀኙን ሺራክን ተሰልፈው መረጡ። የኛም ሲስተም ለዚህ ይመቻል፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀፅ 54 ላይ በምርጫ ክልሉ አብላጫ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል ይላል፣ ግማሽ መሙላት አይጠበቅበትም፣ አንዱ 40 ሌላው 35 ሦስተኛው 25 ቢያገኙ ባለ 40ው ገባ በቃ፣ 60ው እጅ ባይፈልገውም።

እና እህቴ ያለችበት ስቴት ፉክክሩ አፍንጫ ለአፍንጫ ከሆነ እኔም እያመመኝ የሚታወቀውን ምረጪ እላታለሁ። ካልሆነ ግን ለምን? ሰይጣኑ እኮ እንደማትተዪው ካወቀ የሚያርመው ነገር የለም።

ብዙ ሰው ግን አባባሉን ሲጠቅስ ሰይጣኑ ላይ ነው የሚቆመው፣ እኔ ደግሞ ዋናው ቃል ማወቅ ነው እላለሁ። የማይታወቅ መልአክ አለ እንጂ የታወቀ መልአክ መጥፎ ነው አልተባለም። በኛ አቆጣጠር የ1997ቱን ምርጫ አስታውሱ፣ ሰው ማታ ማታ ቴሌቪዥን ላይ ክርክር እያየ ተቃዋሚዎቹን በድምፃቸው በመልካቸው በሐሳባቸው አወቃቸው፣ አራት ፓርቲ ደግሞ ተበታትኖ ድምፅ ከመሻማት ቅንጅት ብሎ አንድ ላይ ገባና አዲስ አበባ 23ቱንም የፓርላማ ወንበር ሰጠችው። ያን ጊዜ አባባሉን የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ አይደለም፣ እማዬ ራሷ በሌሊት ተነስታ ነው የተሰለፈችው። ከዛ በኋላ የመጣው ሐዘን ሌላ ነው፣ እሱን እዚህ አላነሳውም።

ይሄንን ሳስታውሳት እማዬ ዝም አለች፣ ሲኒውን አቀበለችኝና ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ «ቆይ ሰውየውን ታውቂዋለሽ?» አለች። እህቴ «ኧረ እማዬ ስሙን ነው የሰማሁት» አለች። «እና ምኑን ነው የምትመርጪው፣ እስኪ አንብቢና እሁድ ንገሪን፣ በርበሬው ደርሶሻል አይደል?»