ሀዋሳ ላይ በስልክ መሸጥ፦ የትንንሽ ነጋዴዎች የኦንላይን ገበያ

ሀዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የሐይቅ ዳር ከተማ ናት። ከሰኔ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የሲዳማ ክልል መዲና ሆናለች። ከተማዋን የሚያውቅ ሰው ፒያሳን፣ አረብ ሰፈርን፣ አቶቴን፣ የታቦር ተራራን ያውቃል። ገበያዋ ግን በእነዚህ ሰፈሮች ብቻ አይደለም የሚውለው። ጥሩ ክፍሉ አሁን ስልክ ውስጥ ነው። ቡቲኮች፣ ኬክ ጋጋሪዎች፣ የፀጉር ሳሎኖች፣ ሶፋና አልጋ የሚሰሩ ወርክሾፖች፣ ገስት ሀውሶች፣ ከቤታቸው ሆነው በርበሬና ሽሮ የሚያዘጋጁ እናቶች፣ ሁሉም ደንበኛ የሚያድኑት ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ነው።

መጠናቸውን ለመገመት ያህል፣ በ2003 ዓ.ም. በወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ መሰረት ጥቃቅን የሚባለው እስከ 5 ሰው የሚያሰራ ነው፤ አነስተኛው ደግሞ ከ6 እስከ 30። ኦንላይን የምናገኛቸው የሀዋሳ ሻጮች አብዛኞቹ ግን አንድ ሰው ናቸው። ፎቶ የምታነሳው፣ መልስ የምትሰጠው፣ ዕቃ የምታሽገው፣ ባጃጅ የምትጠራው ያቺው አንዷ ልጅ ናት። ስለዚህ ስለ ማስታወቂያ የሚነገር ምክር ሁሉ ከእሷ ጊዜ ጋር መመዘን አለበት።

ቴሌግራም ሱቁ፣ ፌስቡክና ቲክቶክ መንገዱ

ቴሌግራም በፈረንጆቹ 2013 ተጀመረ፣ ቻናል የሚባለውን ነገር በ2015 ጨመረ። እኛ አገር ቻናሉ ወዲያው ሱቅ ሆነ። ምክንያቱ ብዙም አይከብድም። ነጻ ነው። ኔትወርክ ደከም ባለበት ሰዓትም ፎቶው እንደምንም ይገባል። ትናንት የተለጠፈ ጫማ ዛሬም ወደ ላይ ስቦ ይገኛል። ጓደኛ ለጓደኛ ፎርዋርድ ሲያደርግ የሻጩ ስም አብሮ ይሄዳል፣ ይህ ደግሞ በነጻ የሚሰራ ማስታወቂያ ነው።

አንድ ትልቅ ጉድለት ግን አለው። ቻናል በራሱ ሰው አያመጣም። ስሙን የማያውቅ ሰው በአጋጣሚ ሲያልፍ አይገባበትም። ብዙ ጀማሪዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ ቻናል ይከፍታሉ፣ ዘመድ አዝማዱን ይጨምራሉ፣ በቀን አስር ፎቶ ይለጥፋሉ፣ ከዚያ ገዢ ጠፋ ብለው ያማርራሉ። ሰው የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ቲክቶክ ላይ ከታየ ቪዲዮ፣ ፌስቡክ ግሩፕ ላይ ከተሰጠ መልስ፣ ሱቁ በር ላይ ከተለጠፈ ወረቀት፣ ኬክ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈ አድራሻ። ቴሌግራሙ የመጣውን ሰው ይዞ ለማቆየት ነው።

ቲክቶክ ለየት ያለ ባህርይ አለው። ፎሎወር የሌለውን ሰው ቪዲዮም ለማያውቁት ሰዎች ያሳያል። ሀዋሳ ላይ በዚህ የሚጠቀሙት ስራቸው ሲሰራ ዓይን የሚይዝላቸው ናቸው። እንጨት ሲላግ፣ ሶፋ ጨርቅ ሲለብስ፣ ሹሩባ ሲሰራ፣ ክሬም ኬክ ላይ ሲቀባ። ሻጩ ካሜራ ፊት መደነስ የለበትም (ቢደንስም ክልክል አይደለም)። እጅና ስራው ይበቃል። ዋናው ችግር ተመልካቹ ጎንደርም ድሬዳዋም ሊሆን መቻሉ ነው፤ ብዙ ሰው አየው ማለት ብዙ ሰው ገዛ ማለት አይደለም። ስለዚህ ቪዲዮው ላይ "ሀዋሳ፣ አቶቴ" ብሎ በጉልህ መጻፍ ግድ ነው። ፍለጋም ላይ እንዲገኝ "ሀዋሳ"ንም "አዋሳ"ንም አንድ ቦታ ማስገባት ጥሩ ነው፣ ሰው በሁለቱም ይፈልጋልና።

የግሩፕ ጥያቄ የሚመለሰው እንዴት ነው?

ይሄ ክፍል ሰፋ ይላል፣ ምክንያቱም ገንዘብ ሳይወጣበት ብዙ የሚሸጥበት ቦታ ይህ ነው።

የከተማ ነዋሪዎች የሚሰባሰቡባቸው የፌስቡክና የቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ በየቀኑ ሰው ይጠይቃል። "ለልጄ ልደት ኬክ የሚሰራ ጎበዝ ሰው ጠቁሙኝ።" "ፍሪጅ የሚጠግን ታማኝ ባለሙያ ያላችሁ?" "ለሁለት ቀን የሚከራይ ንጹህ ቤት ፈልጌ ነበር።" ጠያቂው ብሩን ይዞ የቆመ ሰው ነው። ከእሱ የተሻለ ደንበኛ በማስታወቂያ አይገኝም። እና ከስሩ ምን ይጻፋል? "ኢንቦክስ።" "እኛ ጋር አለ።" "ደውሉ" እና ስልክ ቁጥር። ሃያ ሰው እንዲህ ይጽፋል፣ ጠያቂውም ግራ ይጋባል።

የሚሸጠው መልስ ሌላ ዓይነት ነው። ለምሳሌ ኬክ ጋጋሪዋ፣ "እህቴ፣ ለስንት ሰው ነው? ለሃያ ልጅ ሁለት ኪሎ ይበቃል፣ ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ማዘዝ ያስፈልጋል፣ የጾም ኬክም እንሰራለን፣ ያለንበት መናኸሪያ አካባቢ ነው፣ የሰራናቸውን ፎቶዎች ከታች አያይዣለሁ" ብላ ብትጽፍ፣ ጠያቂዋ ብቻ ሳትሆን ያንን ገጽ በኋላ የሚያየው ሁሉ ታያታለች። ጥያቄው ከወራት በኋላም ተፈልጎ ይገኛል። መልሱም እዚያው ቁጭ ይላል።

ከዚህ ባለፈ ሳይሸጡ መልስ መስጠትም አለ። ፍሪጅ ጠጋኙ "መብራት ሲመጣና ሲሄድ ፍሪጁን የሚጎዳው ምኑ ነው?" ለሚል ሰው በደንብ አስረድቶ ቢመልስ፣ ስልኩን እንኳ ባይጽፍ፣ ሰው ስሙን ይይዛል። አንዳንዱ ሙያውን በነጻ አደልኩ ብሎ ይሰስታል። እኔ አልስማማም። ማብራሪያውን ያነበበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ አይጠግንም፣ ያስረዳውን ሰው ነው የሚጠራው።

ግሩፖች የራሳቸው ሕግ አላቸው። አድሚኑ ማስታወቂያ ከከለከለ ከልክሏል፣ በሰርጎ ገብ መልክ የሚለጥፍ ሰው ይባረራል። አንዳንድ አድሚኖች ፖስት አስከፍለው ይለጥፋሉ፣ ይህም ያስኬዳል፤ ግን ከመክፈል በፊት ግሩፑ ውስጥ እውነተኛ ወሬ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። አባሉ ብዙ ሆኖ ሁሉም ሻጭ ከሆነ፣ ማን ሊገዛ?

አሁን ደግሞ ያቺ "ዋጋ በኢንቦክስ" የምትባል ነገር። ሻጮቹ ምክንያት አላቸው። ተፎካካሪ አይቶ ዋጋ ይሰብርብናል ይላሉ። ዋጋው በየሳምንቱ ይለዋወጣል ይላሉ፣ ይህ እውነት ነው፤ በተለይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ አልረጋ ብሎ ነበር። ሆኖም ገዢው የሚያስበው ሌላ ነው። "መልኬን አይተው ሊያስከፍሉኝ ነው" ይላል፣ ወይም ለመጠየቅ ያፍርና ያልፋል። ቢያንስ "ከዚህ ጀምሮ" ብሎ መነሻ ዋጋ ማስቀመጥ ይቻላል። ተፎካካሪ እንደሆነ በሌላ ስም ገብቶ መጠየቁ አይቀርም።

ቡስት፣ ጉግልና ብሎግ

ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ ፖስት ቡስት ለማድረግ፣ ማለትም ከፍሎ ለብዙ ሰው ለማሳየት፣ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል። ተራው ነጋዴ ይህ ካርድ የለውም። በዚህ ምክንያት "ቡስት እናደርጋለን" የሚሉ አገናኞች በየከተማው አሉ፣ ዶላሩን በራሳቸው ዋጋ አስልተው ብር ይቀበላሉ። እዚህ ጋር የሚጠየቀው አንድ ነገር አለ፦ ማስታወቂያው የሚታየው የት ነው? ፌስቡክ ከተማ መርጦና ዙሪያውን በኪሎ ሜትር ወስኖ ማሳየት ይችላል። አገናኙ ለመላው ኢትዮጵያ ከለቀቀው፣ አላሙራ ላይ ያለ ፀጉር ቤት መቀሌ ላይ ላለ ሰው ማስታወቂያ እየከፈለ ነው። ውጤቱንም በስክሪንሾት መጠየቅ ነውር የለውም። ፎሎወር መግዛት ግን ንጹህ ብክነት ነው።

ብሎግና የራስ ድረ ገጽ ለሁሉም አይደለም። ሰፈር ውስጥ ለሚሸጥ ቡቲክ ጊዜ መፍጀት ነው። ደንበኛው ከከተማው ውጭ ለሆነ ግን በጣም ይሰራል። ሀዋሳ ደግሞ እንግዳ የማይጠፋባት ከተማ ናት። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለቅዱስ ገብርኤል ንግስ ከየቦታው ሕዝብ ይጎርፋል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው፣ በጉዱማሌ አደባባይ ሲከበር ከተማዋ ትሞላለች። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሲያስመርቅ ቤተሰብ ይመጣል። እነዚህ ሰዎች ከመምጣታቸው በፊት ስልካቸው ላይ ይፈልጋሉ። እና ገስት ሀውሱ በአማርኛ አንድ ገጽ ቢጽፍ፣ ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ ሙቅ ውሃና የመኪና ማቆሚያ መኖሩን፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር መኖር አለመኖሩን፣ ለንግስ ሰሞን መቼ መያዝ እንደሚሻል፣ ያ ገጽ ለዓመታት እንግዳ ያመጣለታል። በአማርኛ እንዲህ በዝርዝር የሚጽፍ ጥቂት ስለሆነ ፉክክሩም ቀላል ነው። የፍቼ ቀን አያንቶ በሚባሉ የሲዳማ አዋቂዎች የኮከብ ቆጠራ ስለሚወሰን በየዓመቱ ይለያያል፣ ስለዚህ ቀኑ ሲነገር ገጹን ማደስ ያስፈልጋል።

ቡና የሚቆላና የሚያሽግ ሰውም እንደዚያው። የሲዳማ ቡና ስም ውጭ ድረስ የታወቀ ነው፣ ገዢውም ስለ አካባቢው፣ ስለ አጣጠቡና ስለ አቆላሉ ማንበብ ይወዳል።

ከሁሉም በፊት ግን ጉግል ማፕ ላይ መመዝገብ። ነጻ ነው፣ ሁሉንም ነጋዴ ይጠቅማል። እኛ አድራሻ የምንሰጠው "ከእንትን ጀርባ፣ ቢጫ በር" እያልን ነው፤ ባጃጅ ሹፌሩ ደግሞ ፒን፣ ማለትም ካርታ ላይ ቦታውን የሚያሳይ ምልክት፣ ቢላክለት ደስ ይለዋል።

ቋንቋ

ከተማዋ ውስጥ አማርኛ በሰፊው ይነገራል፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና ኦሮምኛም እንዲሁ። ሲዳምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ብዙ ሻጭ በአማርኛ ብቻ ይለጥፋል፣ ሆኖም ሀዌላ ቱላ በኩልና ከዙሪያው ወረዳዎች ለሚመጣ ደንበኛ ቪዲዮ ላይ በሲዳምኛ ሰላም ብሎ ዋጋ መናገር ልዩነት አለው።

ገንዘብና ርክክብ

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ስራ ጀመረ፣ ኤምፔሳ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ተከተለ፣ የባንክ አፕሊኬሽኖችም አሉ። መክፈል ቀላል ሆኗል። ማመን ግን ገና ነው። ገዢው "ብር ልኬ ቢጠፉስ?" ይላል፣ ሻጩ "ዕቃ ልኬ ስልክ ቢዘጋብኝስ?" ይላል። ሀዋሳ ውስጥ መፍትሄው ብዙ ጊዜ ባጃጅ ነው፤ ዕቃው ይሄዳል፣ ገዢው ያያል፣ እዚያው ይከፍላል። ለትዕዛዝ ስራ፣ ማለትም ለኬክ ወይም ለሶፋ፣ ቀብድ መቀበል የተለመደ ነው። ቀብዱ የማይመለሰው መቼ እንደሆነ አስቀድሞ መጻፍ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

የሐሰት ስክሪንሾት ነገር ደግሞ አለ። የተቀናበረ የክፍያ ደረሰኝ ልኮ ዕቃ የሚወስድ ሌባ አይጠፋም። የራስን ሂሳብ ከፍቶ ሳያዩ ዕቃ መልቀቅ የለም፣ ደንበኛው ቢቆጣም። "ውዴ፣ ሲገባ ወዲያው እልካለሁ" ማለት በቂ ነው።

ለመሆኑ ኦንላይን የማያስፈልገው ሰው አለ? አለ። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ላይ አሳ የሚጠብስ ሰው ቻናል ቢከፍት ባይከፍት ገበያው አይጎድልም፣ ሰው እንደሆነ እግሩ ራሱ ይወስደዋል። ጠዋት ጠዋት አትክልት የሚቸረችርም እንዲሁ። ሳይጠየቁ የሚሸጡትን ነገር በስልክ ለመሸጥ ሰዓት ማባከን አያዋጣም።

ሕጉ

ኦንላይን ስለተሸጠ ከንግድ ፈቃድና ከግብር ነጻ የሆነ ንግድ የለም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ይህ ለቴሌቪዥን ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ በኤሌክትሮኒክ መልእክት የተደረገ ስምምነት ሕጋዊ ዋጋ እንዲኖረው አድርጓል። ስለዚህ በቻት የተጻፈው "ካልወደድሽው እመልሳለሁ" ወሬ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የሌላ ሰው ፎቶ ከፒንተረስት አውርዶ "የኛ ስራ" ማለትም አንድ ቀን ያስጠይቃል። ባያስጠይቅ እንኳ ደንበኛው ዕቃው ሲደርሰው ይለየዋል።

ኢንተርኔት ሲዘጋ

በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። ከየካቲት 2015 እስከ ሐምሌ 2015 ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታግደው በቪፒኤን (እገዳን በሚያልፍ መተግበሪያ) ብቻ ነበር የሚገባው። ቻናላቸው ላይ ብቻ የተንጠለጠሉ ሻጮች ደንበኞቻቸው ማን ማን እንደሆኑ እንኳ አያውቁም ነበር፣ ስልክ ቁጥር አልያዙማ። የደንበኛን ስም፣ ስልክና ያዘዘውን ነገር፣ ፈቃዱን ጠይቆ፣ ደብተር ላይ የሚጽፍ ሻጭ በኤስኤምኤስም በመደወልም ይቀጥላል። አካውንት በሌባ ሲወሰድም የሚያድነው ያው ደብተር ነው፤ የቴሌግራም ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ማብራት ግን ከዚያ በፊት ይቀድማል፣ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።