ጮቄ ተራራ፦ የደጋው የተፈጥሮ ሀብትና ጉብኝቱ

ጮቄ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ የሚገኝ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ስናን፣ ቢቡኝ፣ ማቻከል፣ ደባይ ጥላትግንና ሌሎችም ወረዳዎች ይጋሩታል። ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከእሳተ ገሞራ ደጋግሞ የፈሰሰ ቅልጥ ዐለት እየተደራረበ የሠራው ነው፤ ሹል ጫፍ የሌለው፣ በየአቅጣጫው ቀስ እያለ የሚያዘቀዝቅ ሰፊ ደጋ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃና ተምጫ ከዚህ ተነሥተው ዐባይ ይገባሉ።

የተለመደው መነሻ ደብረ ማርቆስ ነው። መንገዱ በሮብ ገበያ አልፎ ወደ ድጓ ጽዮን ይዘልቃል። በመኪና አናቱ ላይ ደርሶ፣ ፎቶ ተነሥቶ መመለስ ግን ጮቄን አየሁ አያሰኝም። የተራራው ቁም ነገር ያለው ሽቅብ በተወጣ ቁጥር በሚለዋወጠው ዕፅዋት ላይ ነው። ታች ጤፍና ስንዴ ነው፤ ከፍ ሲባል ገብስ፣ ድንችና እንግዶ (የአጃ ዓይነት እህል) ይተካሉ። የደጋ ቀርከሃውም እዚሁ ነው፤ አርሶ አደሩ አጥር ያጥርበታል፣ ወንበር ይሠራበታል፣ ገበያ አውጥቶም ይሸጠዋል። ከዚያ ወዲያ አምጃና አስታ የተባሉት የደጋ ቁጥቋጦዎች፣ በመጨረሻም ጓሳ የሚባለው ሣርና ጅብራ።

ጅብራ ዘንድ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅል ተክል ነው። ረጃጅም ቅጠሎቹን አናቱ ላይ ዙሪያውን በትኖ ለብዙ ዓመት ሳያብብ ይቆያል። ጊዜው ሲደርስ ከቅጠሎቹ መካከል ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአበባ ዘንግ ያወጣል፤ አበባው ከታች ወደ ላይ ይፈነዳል። እንደ ዱቄት የደቀቀ ዘሩን ከበተነ በኋላ ይሞታል፤ በዕድሜው የሚያብበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ሳያፈራ የተቆረጠ ጅብራ ዘር ሳይተካ ቀረ ማለት ነው። ልጆች ለጨዋታ ሲቆርጡት ያየ አስጎብኚ ዝም ሊል አይገባም።

ጮቄ ብዙ አጥቷል። ቀይ ቀበሮ ይኖርበት ነበር፤ ዛሬ ከዚህ ተራራ ጠፍቷል። አስታው ለማገዶና ለከሰል እየተመነጠረ፣ እርሻው ወደ ላይ እየገፋ፣ ግጦሹ ጓሳውን እያሳሳው መጥቷል። ክረምት ላይ ጨሞጋን ያየ ሰው የደጋው አፈር ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ የለበትም። ገበሬውን ብቻ መውቀስም ፍርደ ገምድልነት ነው፤ መሬት ጠቦት፣ ማገዶም ሌላ አማራጭ አጥቶ ነው ሽቅብ የወጣው።

በ2022 እ.ኤ.አ. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት የጮቄን ኢኮ መንደር ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ መድቦታል። ለጉብኝት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ በክረምት ጭጋጉ ከአጠገብ ያለውን እንኳ ይጋርዳል፣ ጭቃውም ያስቸግራል። በበጋም ቢሆን ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ወፍራም ጋቢ መያዝ ግድ ነው። የአካባቢውን ሰው መሪ አድርጎ መውጣት ደግሞ ይበጃል፤ የትኛው ቅጠል ለየትኛው ሕመም፣ የትኛው እንጨት ለየትኛው ሥራ እንደሚሆን ከእሱ በላይ የሚያስረዳ አይገኝም።