«ሕገ መንግሥቱ እኮ ይላል» የሚባለውና ሕገ መንግሥቱ የሚለው

ታክሲ ውስጥም ሆነ ፌስቡክ ላይ ስለ መብት ክርክር ሲነሳ «ሕገ መንግሥቱ እኮ…» ብሎ የሚጀምር አይጠፋም። ከዚያ የሚከተለው ግን ብዙውን ጊዜ ከሰው አፍ የተለቀመ ነው። ሰነዱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀና 106 አንቀጾች ያሉት ቀጭን መጽሐፍ ነው። ስለ መብትና ነፃነት የሚናገረው ምዕራፍ ሦስት ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ይዘልቃል፤ ተረጋግቶ ለሚያነብ ሰው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። በስህተት ደጋግመው ከሚጠቀሱት ጥቂቱን እንይ።

«ሰላማዊ ሰልፍ ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል»

የሚያስፈልገው ማሳወቅ ነው። መብቱን አንቀጽ 30 ሲሰጥ፣ ሥነ ሥርዓቱን የያዘው ከሕገ መንግሥቱ ቀድሞ በሽግግሩ ዘመን የወጣው አዋጅ ቁጥር 3/1983 ነው። አዘጋጁ ከሰልፉ ቢያንስ 48 ሰዓት አስቀድሞ በከተማ ከሆነ ለከተማው አስተዳደር፣ ካልሆነ ለወረዳው በጽሑፍ ያስታውቃል። ደብዳቤው ላይ የሰልፉ ዓላማ፣ ቦታውና የሚያልፍባቸው መንገዶች፣ ቀንና ሰዓቱ፣ ከመንግሥት የሚፈለገው እገዛ፣ እንዲሁም የአዘጋጁ ሙሉ ስም፣ አድራሻና ፊርማ መስፈር አለባቸው። መሥሪያ ቤቱ ቦታው ወይም ሰዓቱ አይመችም ካለ፣ ደብዳቤው በደረሰው በ12 ሰዓት ውስጥ ምክንያቱን በጽሑፍ ይገልጻል። «ሌላ ቀን ይሁን» ወይም «ሌላ ቦታ ይሁን» ሊል ይችላል፤ በየትኛውም ጊዜና ቦታ አይደረግም ማለት ግን አይችልም።

ነገሩ የሚበላሸው መዝገብ ቤቱ በር ላይ ነው። ደብዳቤውን የሚረከብ ሰው ይታጣል፣ «አለቃዬን ላናግር» ይባላል፣ ቀኑ ይደርሳል፤ ከዚያ «ፈቃድ ያልተሰጠው ሰልፍ» የሚል መግለጫ ይወጣል። «ፈቃድ» የምትለዋ ቃል የምትገባው እዚህ ላይ ነው፤ ሁላችንም ተቀብለን እንደግማታለን። ስለዚህ 48 ሰዓቱን ጠርዝ ላይ ሳይጠብቁ ሳምንት ቀደም ብሎ ማስገባት፣ ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅቶ ቀሪው ላይ ቀን፣ ሰዓትና ማኅተም ማስመታት ይበጃል። «አንቀበልም» ካሉ በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ልኮ ደረሰኙን መያዝ ነው። ደረሰኙ ብቻውን መንገድ አያስከፍትም። በኋላ «ሳያሳውቁ ወጡ» የሚል ክስ ሲመጣ ግን የሚያፈርሰው እሱ ነው።

«48 ሰዓት ካለፈ እስረኛው ይለቀቃል»

በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ የሚጠይቀው ተገቢ ጊዜ አይቆጠርም። ከዚህ ሌላ የሚቀነስ ሰዓት አንቀጹ ውስጥ የለም፤ «ቅዳሜና እሑድ አይታሰብም» የሚባለው ከየት እንደመጣ ጽሑፉ አይነግረንም። ሰዓቱ ቢያልፍ ግን በሩ በራሱ አይከፈትም። የሚከፈተው አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ሲቀርብ ነው።

አቤቱታው በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 177 ጀምሮ ተደንግጓል። የታሰረው ሰው ራሱ በቃለ መሐላ ያቀርባል፤ እሱ ካልቻለ ሌላ ሰው፣ ያልቻለበትን ምክንያት ገልጾ፣ ስለ እሱ ያቀርባል። ቃለ መሐላው ማን እንደያዘው፣ የትና እንዴት እንደተያዘ መናገር አለበት። ብዙ አቤቱታ የሚወድቀው እዚህ ነው፤ «ፖሊስ ይዞታል» ብቻ ከተባለ ጣቢያው «እኛ ጋ የለም» ብሎ ይመልሳል፣ መዝገቡም ይዘጋል። የጣቢያው ስም፣ የተወሰደበት ቀንና ሰዓት፣ ከተቻለም የወሰደው መኮንን ስም ይጻፍ። ሁለተኛው ወጥመድ ጊዜ ነው። አቤቱታው ሳይሰማ ፖሊስ የጊዜ ቀጠሮ (ለምርመራ ተጨማሪ የእስር ቀናት) ካስፈቀደ፣ እስሩ «በፍርድ ቤት ትእዛዝ» ስለሚሆን አቤቱታው ኃይሉን ያጣል።

የጊዜ ቀጠሮውም ሌላ ክርክር አለበት። በ1954 ዓ.ም. ወጥቶ ለአሥርት ዓመታት ሲሠራበት የኖረው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ይላል። ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ግን አይወስንም። ሕገ መንግሥቱ «ለምርመራው አስፈላጊ የሆነው ጊዜ ብቻ» የሚል ሐሳብ ጨምሮበታል፤ ያንን የሚለካው ዳኛው ነው። ስለዚህ ጠበቃ ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ መጠየቅ ያለበት «ባለፉት 14 ቀናት ምን ተሠራ?» የሚለውን ነው። «ምስክር ቀርቷል» የሚለው መልስ ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ሲፈቀድ ካየን፣ ጉድለቱን ከሕጉ ይልቅ ከችሎቱ ልንፈልገው ይገባል።

«አስቸኳይ ጊዜ ከታወጀ መብት የሚባል የለም»

አንቀጽ 93 አዋጁ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀርብለትና በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲጸድቅ ያዛል። የሚቆየው እስከ ስድስት ወር ነው፤ ከዚያ በየአራት ወሩ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይታደሳል። ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ ይቋቋማል፤ የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ ማሳወቅ ግዴታው ነው።

የማይነኩት አንቀጾች 1፣ 18፣ 25 እና የ39 ንዑስ አንቀጽ 1ና 2 ናቸው። አንቀጽ 18 ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው፣ 25 የእኩልነቱ፣ 39 የብሔሮች መብት ነው። አንቀጽ 1 ግን የአገሪቱ ስያሜ ነው! ስሟ እንዳይነካ ተጠብቆ፣ በሕይወት የመኖር መብት ከዝርዝሩ ቀርቷል። ይህ ከሕገ መንግሥቱ ጉድለቶች ትልቁ ይመስለናል። ክፍተቱን የሚሞላው አንቀጽ 13 ነው፤ ምዕራፍ ሦስት ከዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብት ሰነዶች ጋር ተጣጥሞ ይተርጎም ይላል። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ደግሞ በአስቸኳይ ጊዜም ሕይወትን አያስነካም።

«ኤርትራ የወጣችው፣ ሲዳማም ክልል የሆነው በአንቀጽ 39 ነው»

የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ የተካሄደው በሚያዝያ 1985 ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ገና አልተጻፈም። በአንቀጽ 39 የመገንጠል ሥርዓት ተጠቅሞ የወጣ እስካሁን የለም። ሥርዓቱም ይኸው፤ የብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ያጸድቃል፣ የፌዴራል መንግሥት ውሳኔው በደረሰው በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያዘጋጃል፣ አብላጫው ይደግፋል፣ ከዚያ ሥልጣንና ንብረት ይከፋፈላል።

ሲዳማ የሄደበት መንገድ አንቀጽ 47 ነው፤ አዲስ ክልል የመመሥረት መብት። እዚያ ቀነ ገደቡ አንድ ዓመት ነው። የዞኑ ምክር ቤት በሐምሌ 2010 ወሰነ፤ ዓመቱ በሐምሌ 2011 ሞላ፤ ድምፁ ግን የተሰጠው ኅዳር 10 ቀን 2012 ነበር። በሐምሌ 2011 የሰው ሕይወት ያለፈበት ግጭት የተነሳው ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ነው።

«ሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ያስፈታል»

አያስፈታም። በአዋጅ 210/1992 የተቋቋመው ኮሚሽን ይመረምራል፣ ማቆያ ቦታዎችን ይጎበኛል፣ ምክረ ሐሳብ ይሰጣል። የፍርድ ቤት ዓይነት ትእዛዝ አያወጣም። ሪፖርቱ ግን ለጠበቃ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል።

«ዴሞክራሲ የብዙኃን ውሳኔ ነው፤ አብላጫው ካለ አለቀ»

በ2007ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ መቀመጫ ሲወስዱ እንኳ፣ በዚያ ድምፅ ብቻ ምዕራፍ ሦስትን መለወጥ አይቻልም ነበር። አንቀጽ 105 የሕዝብ ተወካዮችንና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶችን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ በዚያ ላይ የሁሉንም ክልሎች ምክር ቤቶች ስምምነት ይጠይቃል። አንዱ ክልል ብቻ «አይሆንም» ካለ ይቆማል።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። በክልል ደረጃ አብላጫ የሆነው ብሔር ከሌላ ብሔር የሆነውን ጎረቤቱን መብት ሲያጠብብ? ዳኛው በአንቀጽ 13 መሠረት ምዕራፍ ሦስትን ማክበርና ማስከበር ግዴታው ቢሆንም፣ ሕገ መንግሥትን የመተርጎም የመጨረሻ ሥልጣን ያለው ብሔር ብሔረሰቦች የሚወከሉበት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ጉዳዩን አጣርቶ ያቀርብለታል። በቤንሻንጉል ጉሙዝ በ1992ቱ ምርጫ የአካባቢውን ብሔረሰብ ቋንቋ አትችሉም ተብለው ከዕጩነት የተሰረዙ ነዋሪዎች አቤት ያሉት በዚሁ መንገድ ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤቱ የክልሉን የሥራ ቋንቋ፣ ማለትም አማርኛን፣ ማወቅ ይበቃል አለ። ውሳኔው የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ምርጫው ካለፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ መቀመጫውም ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦበታል።