ዲፊውዥን ኤምአርአይ በፋንተም ሲፈተሽ

አብዛኛው የኤምአርአይ (በትልቅ ማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያነሳ ማሽን) ምርመራ የሚሰጠው ምስል ነው፤ ሐኪሙ አይቶ ይፈርዳል። ዲፊውዥን ኤምአርአይ ግን ከምስሉ ጋር ቁጥርም ያወጣል። ቁጥሩ ኤዲሲ ይባላል። በሰውነት ውስጥ ያለው ውሃ ምን ያህል እንደልቡ እንደሚንቀሳቀስ ይናገራል፤ ዲፊውዥን የሚባለውም ይሄው የውሃው የራሱ እንቅስቃሴ ነው። ስትሮክ በመታው የአንጎል ክፍል ሴሎቹ ያብጣሉ፣ ውሃው መላወሻ ያጣል፣ ኤዲሲውም በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል። ሴሎቹ ጥቅጥቅ ባሉበት ዕጢም ዝቅ ይላል፤ መድኃኒቱ ሠርቶ ሴሎቹ ሲሞቱ ደግሞ ይጨምራል።

እንግዲህ የአንድ ታካሚ ዕጢ ከሕክምና በፊት 0.9 ነበር፣ ከሁለት ወር በኋላ 1.1 ሆነ እንበል (መለኪያው ካሬ ማይክሮሜትር በሚሊሰከንድ ነው)። የተለወጠው ዕጢው ነው ወይስ ማሽኑ? ታካሚውን ደጋግሞ በማንሳት ብቻ ይሄ አይለይም፤ የእሱን እውነተኛ ቁጥር የሚያውቅ የለማ። ፋንተም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በሰው ምትክ ማሽኑ ውስጥ የሚገባ፣ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ዕቃ ነው። ባለሱቅ ሚዛኑን ክብደቱ በታወቀ ብረት እንደሚፈትሸው ማለት ነው።

ቀላሉ ፋንተም ውሃ የሞላ ጠርሙስ ነው። ጣጣው ሙቀት ነው። የንጹሕ ውሃ ቁጥር በ20 ዲግሪ 2.0 አካባቢ ነው፣ በ25 ዲግሪ 2.3፣ በሰውነት ሙቀት ደግሞ ወደ 3.0 ይጠጋል። በእያንዳንዱ ዲግሪ ከ2 እስከ 3 በመቶ ይለዋወጣል ማለት ነው። ክፍሉ ትንሽ ከሞቀ ወይም ጠርሙሱ ከመኪና ገና ከወረደ፣ ማሽኑን እየፈተሻችሁ ይሁን የአየር ማቀዝቀዣውን መለየት አይቻልም።

መፍትሔው በረዶ ሆነ፤ ለእኔ የዚህ ሙያ ምርጥ ብልሃት ይሄ ነው። በረዶና ውሃ አብረው እስካሉ ድረስ ሙቀቱ 0 ዲግሪ ላይ ይቆማል፣ የውሃውም ቁጥር 1.1 ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ከባሕር ጠለል ከፍ ስላለች። የበረዶ መቅለጫ ግን ከፍታ ብዙም አይነካውም፤ እዚያም እዚህም ያው 0 ነው። ቴርሞሜትር ሳይገዛ፣ ማሞቂያ ሳይገጠም፣ በዓለም ዙሪያ ያሉ ማሽኖች ለአንድ ዓይነት ጥያቄ መልስ ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ቶማስ ቼነቨርትና ባልደረቦቹ ብዙ ሆስፒታሎች ለሚሳተፉባቸው ጥናቶች ይህን ዘዴ አቀረቡ።

ከዚያ በኋላ በተለያዩ ማሽኖች ሲሞከር አንድ ነገር ጎልቶ ወጣ። ማግኔቱ መሃል ላይ ማሽኖቹ በአመዛኙ ይስማማሉ፤ ስሕተቱ 3 በመቶ ገደማ ነው። ከመሃል በራቁ ቁጥር ግን መልሱ ይንሸራተታል። ምክንያቱ ግራዲየንት የሚባለው፣ የውሃውን እንቅስቃሴ ለመለካት የሚለዋወጠው መስክ፣ ዳር ላይ ጉልበቱ ከተጻፈው ይለያል። ስሌቱ ደግሞ የግራዲየንቱን ጉልበት በራሱ ያባዛዋል፤ ስለዚህ 5 በመቶ ስሕተት 10 በመቶ ሆኖ ይወጣል። መሃል ላይ የሚቀመጥ ጭንቅላት ብዙም አይጎዳም። ወደ ጎን የሚወጣ ጡት ወይም ጉበት ግን ያገኘዋል።

አንድ ቁጥር ብቻ መፈተሽም አይበቃም። ስለዚህ ፒቪፒ የሚባለውን ፖሊመር ውሃ ውስጥ ያሟሙታል፤ ያው የመድኃኒት ክኒን ለማያያዝና ለፀጉር ስፕሬይ የሚያገለግለው ነው። በበዛ ቁጥር ውሃው ይዘገያል። የአሜሪካ ብሔራዊ የመለኪያና ቴክኖሎጂ ተቋም የተሳተፈበት ፋንተም 13 ብልቃጦች አሉት፤ የፒቪፒው መጠን ከ0 እስከ 50 በመቶ ይደርሳል፣ ዙሪያቸው በበረዶ ውሃ ይሞላል።

አጠቃቀሙ ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። በረዶው ከገባ በኋላ ብልቃጦቹ እስከ ውስጣቸው እስኪቀዘቅዙ መጠበቅ አለ። ዕቃው ሲነሳና ሲቀመጥ ፈሳሹ ከተንቀሳቀሰ ማሽኑ ያንንም እንደ ዲፊውዥን ይቆጥረዋል፣ ስለዚህ እስኪረጋ ይጠበቃል። የአየር አረፋ ካለ ምስሉን ያጣምማል። ከዚያ ሦስት ነገር ይታያል፦ መልሱ ለእውነቱ ምን ያህል ቀረበ፣ ያው ማሽን ሲደጋገም ያንኑ ይላል ወይ፣ ሌላ ማሽንስ? ሶፍትዌር ከተቀየረ ወይም ጥገና ከተደረገ በኋላ ፋንተሙን መልሶ ማስገባት ግድ ነው ባይ ነኝ።

ፋንተም ግን አይተነፍስም፣ ልቡም አይመታም፤ ሰው ላይ ቁጥሩ ዕጢው ሳይለወጥም ይዋዥቃል። ኪባ የተባለው የምስል መለኪያዎች ጥምረት ባወጣው መመሪያ፣ ለውጡ እውነተኛ ነው ለማለት አንጎል ላይ ቢያንስ 11 በመቶ፣ ጉበት ላይ 26፣ ፕሮስቴት ላይ 47 በመቶ መሆን አለበት። ከ0.9 ወደ 1.1 ያልነው ለውጥ 22 በመቶ ገደማ ነው። ዕጢው አንጎል ውስጥ ከሆነ አዎ፣ ተለውጧል። ፕሮስቴት ውስጥ ከሆነ ግን ማሽኑ ፋንተሙን አንድም ሳይስት ቢያልፍም በዚያ ቁጥር ብቻ መፍረድ አይቻልም።

ሌላው ዘርፍ የአቅጣጫ ፍተሻ ነው። የአንጎል ነርቮች ክር ስለሆኑ ውሃው በክሩ ርዝመት ይፈጥናል፤ ከ1994 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ይህንን የሚለካ ዘዴ አለ። ጠርሙስ ውሃ ለዚህ አይሆንም። አስፓራገስ የተባለውን አትክልት ማሽን ውስጥ የሚያስገቡ አሉ፤ ግንዱ ውስጥ ቀጫጭን ቱቦዎች ስላሉት ጥሩ ይሠራል፣ ግን ይበሰብሳል። ስለዚህ ሰው ሠራሽ ክሮችን ጠምዝዘውና አቋርጠው መሥራት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 በእንዲህ ዓይነቱ ፋንተም የነርቭ መስመር የሚስሉ 10 ዘዴዎች ተወዳደሩ። ክሮቹ የት ጀምረው የት እንደሚያልቁ አዘጋጆቹ ያውቁ ነበር፤ ዘዴዎቹ ግን ከአንድ ዕቃ የተለያየ ካርታ አወጡ።